ማሽኑ «ትክክል ነው» ሲል

አንዲት ነርስ በአንድ እጇ ክኒን፣ በሌላው ውኃ ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማ «ይህ ትክክለኛው መድኃኒት ነው» ስትል ያወቀችው ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ የነርስ ማሠልጠኛ ሁሉ ገና ከጅምሩ መልስ ያዘጋጀለታል። ትክክለኛው በሽተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ተማሪዎች እንደ ዳዊት የሚደግሟቸው አምስቱ «ትክክሎች» እነዚህ ናቸው። አሥር ያደረሷቸውም አሉ፤ የዝርዝር መርዘም ግን ፍርሃት መበርታቱን እንጂ እውቀት መጨመሩን ሁልጊዜ አያሳይም። አምስቱን ቀረብ ብለን ስናያቸው ሁሉም የሚያወሩት ስለ መስማማት ሆኖ እናገኘዋለን። በእጅ ያለው ብልቃጥ ከማዘዣው ጋር ይስማማል፣ የተኛው ሰው ካርዱ ላይ ካለው ስም ጋር ይስማማል፣ የግድግዳው ሰዓት ከተጻፈው ሰዓት ጋር ይስማማል። የተጻፈውስ ከምን ጋር ተስማምቶ ነው ትክክል የሚባለው? ይህን የሚጠይቅ ከአምስቱ መካከል አንድም የለም።

እንግዲህ ስህተት በሁለት መልክ ይመጣል ማለት ነው። አንዱ ከተጻፈው መውጣት ነው፤ የአልጋ 6ን መርፌ ለአልጋ 9 መውጋት፣ የጠዋቱን ክኒን ረስቶ ማታ መስጠት፣ አሥር ሚሊግራምን መቶ ብሎ ማንበብ። ሌላው የተሳሳተውን ጽሑፍ በታማኝነት መፈጸም ነው። የመጀመሪያው ሲደርስ የሆነ ቦታ ላይ ሁለት ነገሮች ስለሚጣሉ ሊታይ፣ ሊቆጠር፣ ሊያዝ ይችላል። ሁለተኛው ግን አይታይም፤ ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ተስማምቷልና። ማዘዣውም፣ ኮምፒዩተሩም፣ እሽጉም፣ በሽተኛው እጅ ላይ የታሰረው መለያም አንድ ቃል ይናገራሉ። ታዲያ ያን ጊዜ ስህተቱ የት ነው ያለው? የተጣላው ከበሽተኛው ሰውነት ጋር ብቻ ነው፤ ሰውነት ደግሞ የሚናገረው ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ነው።

በሆስፒታል የመድኃኒት ስህተትን ለመቀነስ የመጣው ቴክኖሎጂ የተወለደው ለመጀመሪያው ዓይነት ስህተት ነው፤ ለዚያም በሚገባ ሠርቷል። በ1992 (እዚህ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በካንሳስ ግዛት፣ በቶፒካ ከተማ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው ነርስ ሱ ኪኒክ የተከራየችውን መኪና ስትመልስ፣ ሠራተኛው በእጁ በያዘው መሣሪያ ባርኮድ አንብቦ ጉዳዩን እዚያው በቆመበት ሲጨርስ አየች። ለመኪና የሆነው ለበሽተኛ ለምን አይሆንም አለች። ሐሳቧ አድጎ አሥር ዓመት ሳይሞላው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የሚሠራበት ደንብ ሆነ። የእጅ መለያው ይነበባል፣ የመድኃኒቱ እሽግ ይነበባል፣ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ከማዘዣው ጋር ያስተያያል። ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የሰዓት መዛነፍን ሳይጨምር በአሰጣጥ ላይ የሚደርሰው ስህተት ባርኮድ በሌለበት 11.5 በመቶ፣ ባለበት 6.8 በመቶ ነበር። ማዘዣን ወደ መስጫ ቅጽ በእጅ ሲገለብጡ የሚፈጠረው ስህተት ደግሞ ጭራሹን ጠፋ። ማሽንን ማጣጣል የሚቀናው ጸሐፊ እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሞ ቢያያቸው ይጠቅመዋል፤ እኔም ይህን ስጽፍ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ።

ይሁንና በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሆነውን እንስማ። ታሪኩን የዚያው ሆስፒታል ሐኪም ሮበርት ዋችተር በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ በዝርዝር አስፍረውታል። የ16 ዓመት ልጅ ለአንጀት ምርመራ ተኝቷል። ኢንፌክሽን እንዳይዘው ዘወትር የሚወስደው ሴፕትራ የሚባል ክኒን አለው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሐኪሟ ትዕዛዙን ኮምፒዩተር ላይ ስታስገባ 160 ብላ ጻፈች። 160 ሚሊግራም ማለቷ ነበር፤ መጻፊያው ሳጥን ግን የተቀመጠው «ሚሊግራም በኪሎ» ላይ ነበር። የልጁ ክብደት 38.6 ኪሎ ነው። ኮምፒዩተሩ አባዛና አንዱ ክኒን 38 ተኩል ሆነ። ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ሐኪሟ በየቀኑ ከምታያቸው ከንቱ ማስጠንቀቂያዎች እንደ አንዱ ቆጥራ አለፈችው። ፋርማሲስቱም አለፈው። የፋርማሲው ሮቦት እንደታዘዘው 38 ተኩል ክኒን አሽጎ ላከ። ማታ ተረኛ የነበረችው ነርስ ብዛቱን አይታ ተገረመች፤ አወጣች አወረደች። ከዚያ ስካነሩን አንስታ ባርኮዱን አነበበች። ስክሪኑ ትክክል ነው አላት። ልጁ ክኒኑን ሁሉ ዋጠ። ከሰዓታት በኋላ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ራሱን ሳተ፤ ደግነቱ ተረፈ።

አሁን ያቺ ነርስ በገዛ ፍርዷ ተመርታ አንድ ክኒን ብቻ ይዛ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ብለን እናስብ። ልጁ የለመደው፣ የሚስማማው፣ እውነተኛው መጠን አንድ ነው። ለሲስተሙ ግን አንድ ክኒን ከታዘዘው በ37 ተኩል ያነሰ ነው፤ ስህተት ተብሎ የሚመዘገበው እሱ ነው። እንግዲህ ስህተትን ለመያዝ በተሠራ መሣሪያ ፊት ልጁን የሚያድነው መጠን ስህተት፣ የሚጎዳው መጠን ትክክል ሆኖ ቆመ ማለት ነው። ማሽኑ ዋሸ እንዳንል ደግሞ አልዋሸም። የተጠየቀውን መልሷል፤ ይህ እሽግ ከዚህ ትዕዛዝ ጋር ይስማማል ወይ ተባለ፣ ይስማማል አለ። ነርሷ በልቧ የጠየቀችው ግን ሌላ ነበር፤ ይህን ሁሉ ለዚህ ልጅ ልስጠው ወይ? ለሁለት ጥያቄ አንድ መልስ መጣ፣ መልሱም የመጣው ለትንሹ ጥያቄ ነበር፤ ትልቁ ጥያቄ ግን የተመለሰ መስሎ ጠፋ። እኔን የሚያሳስበኝ የክኒኑ ብዛት ሳይሆን ይህ የጥያቄ መጥፋት ነው። ጥርጣሬ መጥቶ ነበር። በትክክለኛው ሰው ልብ ውስጥ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ክኒኑ ገና ሳይዋጥ መጥቶ ነበር። ያሰናበተው ስንፍናም ግዴለሽነትም አይደለም፤ ለጥንቃቄ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ራሱ ነው።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንላለን፤ ሆስፒታሎችም በዚህ እምነት ላይ ቆመዋል። ኢንሱሊን ሲሰጥ፣ ደም ሲሰቀል ሁለተኛ ነርስ ተጠርታ ታያለች። ነገር ግን ሁለት ሰው ሁለት የሚሆነው መቼ ነው? «እስኪ ይቺን እይልኝ፣ ስምንት ዩኒት ናት አይደል?» ብላ ሲሪንጁን ብርሃን ላይ የያዘች ነርስ መልሱን ከጥያቄው ጋር ሰጥታለች፤ ጓደኛዋ የምታየው ስምንትን ነው። ሁለት ምስክሮች ተመካክረው ችሎት ከገቡ ዳኛው እንደ አንድ እንደሚቆጥራቸው ሁሉ፣ ሁለተኛዋ ዓይን ሁለተኛ የምትሆነው የመጀመሪያዋን ሳትሰማ ራሷ ስታነብ፣ ራሷ ስታሰላ ነው። በሳን ፍራንሲስኮው ጉዳይ ያ ክኒን በሐኪም፣ በፋርማሲስት፣ በሮቦት፣ በነርስ እጅ አልፏል። ሐኪሟ ብሳሳት ፋርማሲው ይይዘዋል ብላ የምታምንበት ምክንያት አላት፤ ፋርማሲስቱ ሐኪሟ ታውቃለች ብሎ ማመን ይችላል፤ ነርሷ ደግሞ ከሁለቱም በኋላ የመጣችና ሁለቱንም ያመነች ናት። የጠባቂው መብዛት ጥርጣሬውን አላበዛውም፤ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት እያካፈለ አሳነሰው። አራት ሰነፍ ጠባቂዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይገባናል፤ እነዚህ ግን አንዳቸው ሌላውን የሚያከብሩ ትጉህ ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚገባው ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ሁሉን የምትጠራጠር ነርስ ማንንም አታክምም። በአንድ ተራ ብዙ በሽተኛ፣ ለአንዱ በሽተኛም ብዙ መድኃኒት አለ፤ እያንዳንዱ ክኒን ላይ ቆማ ብትፈላሰፍ የአልጋ 12 አንቲባዮቲክ ይዘገያል፣ መዘግየትም ይገድላል። ማመን የሥራው ድካም ውጤት ሳይሆን የሥራው መሠረት ነው። የማሽኑ ተስፋም እዚህ ላይ ነበር፤ ተራውን ማስተያየት እኔ ልውሰድልሽ፣ አንቺ ጥርጣሬሽን ለሚገባው ነገር አቆዪው የሚል። ፍትሐዊ ተስፋ ነው። ይሁንና ጥርጣሬ በጎተራ ተቀምጦ የሚቆይ እህል ነው ወይስ ሳይሠሩበት ሲቀር የሚሰንፍ ጡንቻ? እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዛን ቤይንብሪጅ በ1983 ስለ አውቶሜሽን ምጸቶች በጻፈችው አጭር ጥናት ይህንኑ ስለ ፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች አንስታ ነበር። ማሽኑ ቀላሉን ሲወስድ ለሰው የሚተርፈው ከባዱና ከስንት አንዴ የሚመጣው ነው፤ ሰውየው ግን በቀላሉ እየተለማመደ የሚያገኘውን ችሎታ ስላጣ ከባዱ ሲመጣ ባዶ እጁን ይገኛል። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ እውነቱን የነገረን መሣሪያ በሺኛው ላይ እንድንጠራጠረው ከኛ መጠበቅ ብዙ መጠበቅ ነው። ያመኑት ፈረስ የሚጥለው ስለታመነ ነው።

ነርሶች ግን ማሽኑን በማመን ብቻ አይደለም የሚኖሩት፤ ያታልሉታልም። ሮስ ኮፔልና ባልደረቦቹ በአምስት ሆስፒታሎች አጥንተው በ2008 ባሳተሙት ሥራ ባርኮዱን ለመዞር የሚደረጉ 15 ዓይነት መንገዶችን፣ ለነዚህም 31 ምክንያቶችን ዘርዝረዋል። ምክንያቶቹን ሳነብ ሳቅም ሐዘንም ይይዘኛል። በሽተኛው ያኘከው የእጅ መለያ፣ ውኃ ውስጥ የራሰ መለያ፣ የተጨማደደ ባርኮድ፣ ባትሪው ያለቀ ስካነር፣ የሚቆራረጥ ኔትወርክ። ነርሷ ምን ታድርግ? የበሽተኛውን ባርኮድ ሌላ ቅጂ አትማ በር መቃን ላይ፣ ጋሪው ላይ፣ ወገቧ ላይ ባለው ቀለበት ታንጠለጥለዋለች። ስካነሩ ያነበዋል፣ ኮምፒዩተሩም ይስማማል። አሁን የተረጋገጠው ግን ምንድን ነው? የበሩ መቃን መድኃኒቱን እንዲወስድ መታዘዙ። መለያው ከእጁ ሲለይ ማሽኑ ምንም የጎደለበት ነገር የለም፤ መጀመሪያም ያውቅ የነበረው መለያውን እንጂ እጁን አልነበረም።

በናሽቪል፣ ቴነሲ፣ በታኅሣሥ 2017 የሆነው ደግሞ የዚሁ ነገር ሌላኛው ፊት ነው። አንዲት ነርስ ለ75 ዓመት አዛውንት ማረጋጊያ ልታወጣ ወደ ኤሌክትሮኒክ የመድኃኒት ሣጥኑ ሄዳ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደሎች ጻፈች። የፈለገችው በንግድ ስሙ ቨርሰድ ነበር፤ ሣጥኑ የሚያውቀው ሚዳዞላም በሚለው ስሙ ነው። አልተገኘም። የይለፍ መንገዱን ተጠቅማ ስትፈልግ በነዚያው ሁለት ፊደሎች የሚጀምረው ቬኩሮኒየም መጣ፤ ጡንቻን ሁሉ፣ የሚተነፍሱበትንም ጭምር የሚያሽመደምድ ነው። ክዳኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። አዛውንቷ ሞቱ፤ ነርሷ ስህተቷን አልደበቀችም። በ2022 ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላትና የሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ወሰነባት። በሳን ፍራንሲስኮ ማሽኑ ሳይገባው «እሺ» አለ፣ ታመነ። በናሽቪል «ተጠንቀቂ» አለ፣ አልተሰማም። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ የሚናገር ድምፅ «አዎን»ም ቢል «ተይ»ም ቢል ውሎ አድሮ ድምፅ መሆኑ ይቀራል። ልዩነቱ ማሽኑ የተናገረውን ሁሉ መዝግቦ ማስቀመጡ ላይ ነው፤ ችሎት ሲቆም «እኔ ተናግሬ ነበር» የሚለው እሱ ነው።

ወደኛ አገር ዋርድ ስንመጣ ይህ ሁሉ ሩቅ ይመስላል። በአብዛኛው ቦታ ካርዱ ወረቀት ነው፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ አስታማሚ ወረቀቱን ይዞ ከተማውን ዞሮ ይገዛና በፌስታል አልጋ ሥር ያስቀምጣል። ፌስታሉን የሚያነብ ስካነር የለም። ግን እዚያ፣ በመመሪያ ያልተጻፈ፣ በደሞዝ ያልተቀጠረ አንድ ተቆጣጣሪ አለ። ዘመድ ያስታመመ ሁሉ ያውቃታል፤ ነጠላዋን ተከናንባ ሌሊቱን ወንበር ላይ ያደረችው እናት። «ሲስተር፣ የትናንቱ ነጭ ነበር፤ ይሄ ለምን ቢጫ ሆነ?» ትላለች። «ያው ነው እማማ፤ ፋብሪካው ተለይቶ ነው» ትባላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ይህችን ጥያቄ አቅልለን የምናያት ካለማወቅ የመጣች ስለሆነች ነው። ነገር ግን ዋጋዋ እዚያው ላይ ይመስለኛል። እናትየዋ ማዘዣውን ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ክኒኑን ከጽሑፍ ጋር ልታስተያየው አትችልም። የምታስተያየው ከትናንቱ ጋር ነው፣ ከልጇ ፊት ጋር ነው፣ ከወሰደ በኋላ ከሚያቃስተው ማቃሰት ጋር ነው። ከአምስቱ ትክክሎች ውጭ የቆመውን፣ ማሽኑም የማይጠይቀውን የምትጠይቀው እሷ ናት። ያለማወቅን አላወድስም፤ በስህተት የሚያስቆመው ጥርጣሬዋም ብዙ ነው፣ የሚገባውን መርፌ እምቢ ያለች እናትም አለች። ሆኖም ዲጂታሉ ካርድ ወደኛ ዋርዶች እየገባ ባለበት ዘመን፣ ያቺ ጥያቄ በየትኛው ሣጥን ትጻፋለች ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ማሽኑ ባለበት አገር የሚኖሩ የኛ ሰዎችም የጽሑፍና የሰው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ያውቁታል። በአሜሪካ ሆስፒታል ሰው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ በስምና በልደት ቀን ነው። ስደት ላይ ቀኑ ሳይታወቅ ወረቀት የተሞላላቸው ብዙ አባቶች ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብለዋል፤ «ሚስተር» ተብለው የሚጠሩትም በአባታቸው ስም ነው። ነርሷ በር ላይ ቆማ ከሞቱ ዘመን ያለፋቸውን አባታቸውን ስትጣራ አዛውንቱ አክብረው «የስ» ይላሉ፤ ሌላ ስም ብትጠራም «የስ» ሊሉ ይችላሉ፣ ሰው ሲጠራ ዝም አይባልማ። ለዚህ ነው ጥሩ ነርስ «አቶ እገሌ ነዎት?» የማትለው፤ «ስምዎን ይንገሩኝ» ትላለች። ቤት ሲገቡ ደግሞ በጠርሙሱ ላይ 8 ሰዓት የተባለውን በኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ ይወስዱታል። ከመለያው እስከ ማዘዣው ሁሉም ተስማምቶ፣ ሰውየውና ሰዓቱ ግን ሌላ ቦታ ናቸው።

ታዲያ ጥርጣሬን የማያባርር መሣሪያ ሊኖር ይችላል? አንዱ ፍንጭ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በኤሌክትሮኒኩ ቅጽ ላይ መድኃኒት መስጠት አንድ ንባብ ነው፤ ድምፅ ይሰማል፣ አለቀ። አለመስጠት ግን ምክንያት ይጠይቃል፤ ከዝርዝር መምረጥ፣ አንዳንዴ መጻፍ፣ ለሐኪሙ ማሳወቅ። ማመን ነፃ፣ መጠራጠር ግን ዋጋ የሚያስከፍል ሆኖ ተሠርቷል። ይህ የግድ መሆን አልነበረበትም፤ «ይጣራልኝ» ማለትን እንደ «ሰጠሁ» አንድ ጣት የሚነካው ነገር ማድረግ ለባለሙያ ከባድ አይመስለኝም። ማሽኑ ያመጣው አንድ ያልታሰበ ጥቅምም አለ። በኛ ባህል ነርስ ሐኪምን «ተሳስተዋል» ማለት ይከብዳታል፤ ድፍረት ይሆናል። «ዶክተር፣ ሲስተሙ አላሳልፍ አለኝ» ማለት ግን ትችላለች። ጥርጣሬዋን ፊት በሌለው ነገር ስም ታቀርበዋለች፣ ማንም አይቀየምም፣ ማዘዣው እንደገና ይታያል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም፤ የስንቱ መጠን በዚህ ዓረፍተ ነገር እንደተስተካከለ ማን ያውቃል።

ግን የተዋሰችው ጥርጣሬ ነው። ሲስተሙ እምቢ ሲል እምቢ ማለት ትችላለች፤ ሲስተሙ እሺ ሲል በማን ስም ትጠራጠር? ያላት ዓይኗ ብቻ ነው፣ ዓይኗም ያየው ነገር «ብዙ ነው» የሚል ብቻ ነው። ለምን አልሰጠሽም ብሎ ቅጹ የሚያቀርብላት ዝርዝር የታወቀ ነው፤ በሽተኛው እምቢ አለ፣ ለምርመራ ሄዷል፣ ያስታውከዋል፣ መድኃኒቱ አልተገኘም። «ብዛቱ አላማረኝም» የሚል ምርጫ አይቼ አላውቅም። ቢጨመርላትና ብትነካው ደግሞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ የሚመልስላት ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት።